«ኮይኑ አልቋል፣ የቀረን ሃይፕ ነው» ላላችሁኝ ልጆች

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ከጓደኞቹ ጋር አዲስ ክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ብቻ ያለ ዲጂታል ገንዘብ (ኮይን) ሠርተዋል። «ጋሼ፣ ኮይኑ አልቋል፤ የቀረን ሃይፕ፣ ሰው እንዲያወራለት ማድረግ ብቻ ነው። እርስዎ ዕድሜዎን በማስታወቂያ የጨረሱ ሰው ነዎት። ሕዝቡ እንዲፈልገው ምን እናድርግ?» ይላል። ጥያቄው ሸጋ ነው። እኔን ግን የወሰደኝ ወደ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነው።

ቴሌብር ገና ሳይመጣ ነው። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት ጀመረና ደሴ ላይ እንዳስተዋውቅለት ቀጠረኝ። አይሱዙ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ስንጨፍር ዋልን። ለተመዘገበ ሁሉ ቲሸርትና የሞባይል ካርድ ነው። ሰው እንደ ጉድ ተሰለፈ። ከዚያ ሰኞ ገበያ ገባን።

እማማ ቅቤ ይሸጣሉ። ስልካቸው ቅቤ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ቁጥር የሚጫኑትም በፌስታሉ ላይ ነው። አንዱ ልጃችን ሲያስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙት። «አብሽር ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼን ገንዘብ ከወረኢሉ ቅቤ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ይቀበለኛል?»

«ገና ነው እማማ፣ እሱም ይመዘገባል።»

«እንግዲያው እሱ ሲመዘገብ ና» ብለው ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ። ቲሸርቱን ግን ተቀበሉ፣ ለልጃቸው።

ጥያቄያቸውን ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ለቲሸርት የያዛችሁትን በጀት ወደ ጅምላ ነጋዴዎቹ አዙሩት፣ መጀመሪያ እነሱ ይቀበሉ አልኩ። መልሱ ሌላ ካርቶን ቲሸርት ሆኖ መጣ። አለቆቹ የፈለጉት የተመዝጋቢ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩም አማረ። ዓመት ሳይሞላ ቢሮው ተዘጋ። ወኪል የነበሩት ልጆች ሱቃቸውን በድርጅቱ ቀለም ቀብተው ቀሩ። አገልግሎቱ እኮ ጥሩ ነበር! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ገንዘብ እንደ ሳሙና አይደለም። ሳሙና ለራስህ ትገዛለህ። ገንዘብ ግን የምትቀበለው ቀጥሎ ያለው ሰው እንደሚቀበልህ ስታውቅ ነው። እናቴ ስታወራ፣ አያቴ ባቲ ገበያ ላይ ጠገራ ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ያዩ ነበር። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ከዚያ በኋላም ያው 1780 ተጽፎበት እየተመታ ወደ እኛ መጣ። መልኩ ከተለወጠ ገበያው አይቀበልማ። አጤ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመቱ። ንጉሠ ነገሥት ናቸው፣ አዋጅም አላቸው። ገጠሩ ግን ለረጅም ጊዜ የሟቿን ሴትዮ መረጠ።

ታዲያ ስምና መልክ ዋጋ የለውም? እሱም አያስኬድም። ዶጅኮይን የሚባለውን ክሪፕቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ሰዎች ለቀልድ ነው ያወጡት፤ የውሻ ፊት ነው ያለበት። ቀልዱ ሰው ሰበሰበ፣ ይኸው እስካሁን አለ። ክሪፕቶ የሚገበያዩበት ኤፍቲኤክስ የተባለ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ታዋቂ ኮሜዲያን ይዞ ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካ ትልቅ የእግር ኳስ ፍጻሜ ላይ አስተዋወቀ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከሰረ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቀመሩ ይኼ ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

የዛሬ ልጆች ችኩል ናችሁ። እኛም አይሱዙ ላይ ስንጨፍር ነበርና ብዙ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ2024 ስክሪን እየነካኩ ነጥብ የሚሰበስቡበት፣ ኮይን እሰጣለሁ የሚል የስልክ ጨዋታ፣ ሃምስተር ኮምባት ሲመጣ ግን ባጃጅ ውስጥ እንኳ ስልኩን የማይነካካ ወጣት ጠፋ። ባለቤቶቹ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን አሉ። መስከረም ላይ ኮይኑ ሲታደል ለብዙው የደረሰው ጥቂት ዶላር ነው። ሁሉም የተሰለፈው ሊሸጥ ነዋ! ገዢው የታለ? የእናንተ ኤርድሮፕ፣ ኮይን በነጻ ማደሉ፣ የእኔ ቲሸርት ነው።

እማማ ዛሬ ቴሌብር ይጠቀማሉ። ማስታወቂያው አምሮ አይመስለኝም። መብራቱም ነዳጁም በስልክ የሚከፈል ሆነ፣ የወረኢሉው ሰውዬም ተቀበለ።

አትዋሹ፣ የሰው ገንዘብ አትብሉ ብዬ አልመክርም፤ ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል። ሕጉን ግን አንብቡ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 አገር ውስጥ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ስለዚህ የደሴን ባለሱቅ «ተቀበል» ማለት አትችሉም። ይኼ ደግሞ የእማማን ጥያቄ ያከብደዋል።

እንግዲህ ሎጎው ይቆይና በአንድ ገጽ ጻፉልኝ። ይህን ኮይን ተቀብሎ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚሰጠው ማን ነው? የት አገር? ከጠቅላላው ምን ያህሉ በእናንተ እጅ ነው? እናንተስ መሸጥ የምትችሉት መቼ ነው? ገጹ ሲደርሰኝ ስሙን አብረን እንፈልጋለን። ክፍያዬ በብር ነው።