ፋይብሮማያልጂያ ይዟችሁ ወደ ጎንደር ለምትመጡ ወገኖች

ሰውነታችሁ ከራስ እስከ እግር ጥፍር ለወራት ሲቆረጥማችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታችሁ እንዳልተኛ ሰው ደክሟችሁ ስትነሡ፣ የጀመራችሁት ንግግር መሐል ላይ ሲጠፋባችሁ ከርማችሁ፣ በመጨረሻ ባላችሁበት አገር ሐኪም «ፋይብሮማያልጂያ ነው» የተባላችሁ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም ከዚሁ ሕመም ጋር የምኖር፣ ብዙ ዓመት በውጭ አገር ስታከም ቆይቼ ወደ ጎንደር የተመለስሁ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁምና መድኃኒት አላዝም። ይሁን እንጂ ለጥምቀት ወይም ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆች ስለ ማሸት፣ ስለ ፍል ውሃ፣ ስለ ወጌሻና ስለ ቻይናው የመርፌ ሕክምና ሲጠይቁኝ፣ የአገር ቤቱንም የውጩንም የምመዝነው በአንድ ሚዛን ነው። ሕክምናው በማግስቱ ለመንቀሳቀስና ማታ ለመተኛት ካገዛችሁ ያዙት፤ አልጋ ላይ የሚያውላችሁ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ቢወደስ ተዉት።

ይህ ሕመም ጡንቻን ወይም መገጣጠሚያን የሚያበላሽ አይደለም። የታወከው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ስሜትን የሚያስተናግዱበት መንገድ ነው፤ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጫና ወይም ብርድ ለእኛ ሕመም ሆኖ ይሰማናል። ራጁም የደም ምርመራውም ደህና ሆኖ የሚወጣው ስለዚህ ነው እንጂ ሕመሙን ፈጥረን ስለምናወራ አይደለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሕክምና) ኮሌጅ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት መሠረት ሐኪሞች 18 የሰውነት ነጥቦችን በጣት እየተጫኑ 11ዱ የሚያሙ መሆናቸውን ያዩ ነበር። ከ2010 ወዲህ ግን የሚታየው ሕመሙ በስንት የሰውነት ክፍል እንደተሰራጨ፣ ድካሙ፣ የእንቅልፉ ሁኔታና የሐሳብ መበታተኑ ምን ያህል እንደከፋ፣ ይህም ሁሉ ቢያንስ ለ3 ወር መዝለቁ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ትከሻችሁን ነካ ነካ አድርጎ «ምንም የለብሽም» ቢላችሁ ለዚያ ልባችሁ አይውደቅ። በአንጻሩ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ማነስ፣ የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው ምርመራና ቫይታሚን ዲ ሳይታዩ በስሙ ብቻ ረክታችሁ አትቀመጡ። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ክረምቱ በሚረዝምበት ሰሜናዊ አገር፣ ያውም በጨለማ ወጥተን በጨለማ እየገባን ስንኖር ቫይታሚን ዲ ያንሰናል፤ እጥረቱ ሲጠና ደግሞ አጥንትንና ጡንቻን ያሳምማል። ጾም የምታዘወትሩ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12ንም ጨምራችሁ አስመርምሩ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው መመሪያ መድኃኒቱንም ሌላውንም ሁሉ ከመረመረ በኋላ ጠንካራ ድጋፍ የሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የአካል እንቅስቃሴ ነው። የሞቀ ውሃ፣ የመርፌ ሕክምና፣ ታይቺ፣ ዮጋ፣ የሥነ ልቦና ምክክር፣ ጥቂት መድኃኒቶችም ጭምር «ሊሞከሩ ይችላሉ» ከሚል ደካማ ድጋፍ አላለፉም። የሚያመውን ሰው ተንቀሳቀስ ማለት ጭካኔ እንደሚመስል አውቃለሁ። ችግሩ ግን ያለው ከእንቅስቃሴው ሳይሆን ከአጀማመሩ ነው። መነሻው በደህና ቀን የምትችሉት ሳይሆን በክፉ ቀን እንኳ የማያቅታችሁ መጠን መሆን አለበት፤ ያ 5 ደቂቃ ከሆነ 5 ደቂቃ ነው። ለሳምንት በዚያው ቆይታችሁ ደቂቃ ደቂቃ እየጨመራችሁ፣ ከወራት በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እስከ 30 ደቂቃ ለመድረስ ሞክሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ መጠነኛ ጭማሪ ሊያሳይ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ቀጥሉ፣ ካልተመለሰ ቀንሱ እንጂ አታቋርጡ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ የምትገኝ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች ከቆላማ ከተማ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ ቢያጥር አይገረም። ለመለማመጃ የምመርጠው ፋሲል ግቢን ነው። ግቢውን የከበበው ግንብ ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ስለሆነ እንደ ሜትር ያገለግላል፤ በመጀመሪያው ቀን ሩቡን ያህል ሄዳችሁ፣ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብላችሁ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ መውረዱ ለብዙዎች ቀላል ይመስላቸዋል። ሆኖም የጭን ጡንቻ ቁልቁለት ላይ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም በማግስቱ ይበልጥ የሚያሳምመው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። የምትወርዱ ከሆነ ግማሹን በባጃጅ ውረዱ፤ መመለሻውንም በባጃጅ። ዘመድ «ይቺን ታህል መንገድ?» ብሎ ቢስቅ ይሳቅ።

የብዙዎቻችን ጠላት ግን ስንፍና ሳይሆን ደህና ቀን ነው። ሁለት ሥራ የለመደ ሰው ሕመሙ ቀለል ባለለት ቅዳሜ የሳምንቱን ልብስ ያጥባል፣ ቤት ያጸዳል፣ ሊጥ ያቦካል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ከዚያ እሑድና ሰኞን ይተኛል፤ ከተኛበት ሲነሣ አቅሙ ከበፊቱም አንሶ ይጠብቀዋል። እንጀራ መጋገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማቡካቱ፣ አብሲት መጣሉና መጋገሩ በባሕርያቸው በተለያየ ጊዜ የሚሠሩ ስለሆኑ ክፍፍሉን ባህላችን ራሱ ሠርቶታል፤ የሚቀረው ምጣዱን ወገብ የማያጎብጥ ከፍታ ላይ ማስቀመጥ፣ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ መጋገር፣ ከአራት አምስት እንጀራ በኋላ ተነሥቶ ትከሻን ማፍታታትና የሊጡን ባልዲ ራስ ከማንሣት ይልቅ ጎረምሳ መጥራት ነው።

ባላችሁበት አገር ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ዘንድ ስትቀርቡ በመሣሪያ ብቻ አሙቆ የሚሰዳችሁን አትውደዱ። ቀስ እያለ የሚያድግ፣ በቀላል ክብደት ወይም በላስቲክ ገመድ ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ቤት የምትቀጥሉት ፕሮግራም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ቆዳ ላይ ተለጥፎ መጠነኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቴንስ የሚባል መሣሪያ ይጠቅማል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. 301 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ጥቅሙ የታየው ግን እየተንቀሳቀሱ ሲጠቀሙበት ነው። ቋንቋ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ እንጂ ልጃችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ልጅ ፊት ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ትዳርና ስለ ኀዘን በግልጽ የሚናገር ወላጅ እኔ አላየሁም፤ እነዚህን የማያውቅ ሐኪም ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሚያክመው። ወደ ጎንደር ስትመጡ የፕሮግራሙን ቅጂ ያዙ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ተቋም ነው፤ ፊዚዮቴራፒም ያስተምራል፤ ቆይታችሁ ረጅም ከሆነ ክትትላችሁ እንዳይቋረጥ የሚያነጋግሩት ባለሙያ ይገኛል።

ሙቀት ለአብዛኞቻችን ይስማማናል። ውጭ አገር 33 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ገንዳ ውስጥ የሚሰጥ የውሃ እንቅስቃሴ ካለ ዕድሉን ተጠቀሙበት፤ ውሃው ክብደትን ስለሚያነሣ በየብስ የማይቻለው ይቻላል። እዚህ ደግሞ በደቡብ ጎንደር የዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ። መሄድ ለምትፈልጉ ሦስት ነገር ልበል። የመንገዱን ደህንነት ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ውሃው ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ለዚህ ሕመም የሚታዘዙትን አሚትሪፕቲሊን ወይም ዱሎክሴቲን የምትወስዱ ከሆነ ከሙቅ ውሃ ድንገት ስትነሡ ራስ ሊያዞራችሁ ይችላልና አንድ ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ዘሎ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ግፊያው ለጤነኛም ይከብዳል፣ የዋዜማው ሌሊት ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። በረከቱ በመረጨትም ይገኛልና ጋቢ ደርባችሁ፣ የምትቀመጡበት በርጩማ ይዛችሁ፣ ንጋት ላይ ውጡ።

ማሸትን በተመለከተ፣ ለ5 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቀጥል ሕመምን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። አንድ ቀን ታሽቶ ተአምር መጠበቅ አይገባም። የእኛ ወጌሻ ለወለምታ የተካነ እጅ አለው፤ ክፉ ነገሩ ታካሚው ካልጮኸ የሠራ የማይመስለው መኖሩ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ሰውነት ኃይለኛ መጫን ሕመሙን ለቀናት ያባብሰዋል። ስለዚህ ቀድማችሁ «አባባ፣ ስብራትም ወለምታም አይደለም፤ በቅቤ ለስለስ አድርገው ይሹኝ፣ አንገቴን ግን አይጠምዝዙብኝ» በሏቸው። ካልተስማሙ አመስግናችሁ ተነሡ።

የመርፌ ሕክምናው ጥቅም መጠነኛ ሲሆን፣ በጥናት የተሻለ ውጤት ያሳየው መርፌው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚጨመርበት ዓይነት ነው። ታይቺ የሚባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ግን ይበልጥ ተፈትኗል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣና 226 ሰዎች የተሳተፉበት የቦስተን ጥናት ልብና ሳንባን ከሚያሠራው ከተለመደው የኤሮቢክ ስፖርት ጋር አነጻጽሮት ያላነሰ፣ እንዲያውም የበለጠ ጥቅም አግኝቶበታል። ዮጋን ከሃይማኖታቸው ጋር የሚጋጭባቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በዚህ መከራከር አያስፈልግም፣ ሰውነት ማፍታቻ ሌላ መንገድ ሞልቷል። የሥነ ልቦና ምክክር ሲታዘዝላችሁ ደግሞ «አእምሮሽ ነው ሊሉኝ ነው» ብላችሁ አትሽሹ። ሥራው ሕመምን የሚያከሩ ልማዶችን፣ በተለይም የእንቅልፍ ልማድን ማስተካከል ነው።

ስለ እንቅልፍ ካነሣን፣ አገር ቤት ዋናው ፈተና ቡናው ነው። ከሰዓት በኋላ በየቤቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲጠጣ አመሻሽቶ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደር የተለመደ ነው። ቡናውን ጠዋት ጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ ከጠሯችሁ ቁርሱን በልታችሁ፣ አቦሉን ቀምሳችሁ፣ ጨዋታውን ግን እስከ በረካ ድረስ ቆዩ። በርጩማ ላይ ለሰዓታት መቀመጥም ሆነ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ተጣጥፎ መዋል ሰውነትን ያደርቃል። ነገሩን ለአንዲት እትዬ ቀድማችሁ ከነገራችሁ «እሷ ወገቧን ያማታል፣ ወንበር ስጧት» ብላ ሰውን ሁሉ ታስረዳላችኋለች።

ጸበልን በሚመለከት የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ፤ ጸበል ገባሁ ብሎ መድኃኒት በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ዱሎክሴቲንና ሌላው ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን ቀስ በቀስ እንጂ ባንድ ጊዜ አይቆሙም፤ ሲቋረጡ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን ጎን ለጎን መጠቀም እንደሚቻል አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለዚያ የሠራ ለዚህም ይሠራልና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ዱሎክሴቲን በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ በጾም ወቅት የመውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ወደ ማታ አዛውሩት። ክኒኑን በዋናው ማሸጊያው፣ ከማዘዣው ቅጂ ጋር፣ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ፕሪጋባሊንና ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል በብዙ አገር ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ ማስረጃው በመመለሻም ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ሲብስባችሁ ዘመድ ክሊኒክ ወስዶ የዲክሎፍናክ (የሕመም ማስታገሻ) ወይም የስቴሮይድ መርፌ ሊያስወጋችሁ ይሞክራል። እነዚህ መድኃኒቶች ለፋይብሮማያልጂያ የረባ ጥቅም የላቸውም፤ ዲክሎፍናክ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ስቴሮይድ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል። ትራማዶልን ደግሞ በዱሎክሴቲን ላይ ሐኪም ሳያውቅ መጨመር ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ያም ሆኖ አዲስ ሕመም ሁሉ የፋይብሮማያልጂያ አይደለም። መገጣጠሚያ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሳትፈልጉ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ አንድ እግር ወይም እጅ ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም ደረታችሁን ካፈናችሁ፣ ወጌሻውንም ፍል ውሃውንም ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈበት ወረቀት በቦርሳችሁ ይኑር።