ከእንግሊዝ የመጣ ኬትል አሜሪካ ላይ ለምን ይዘገያል?

ኬትልሽ አልተበላሸም። ማንችስተር እያለሽ 1 ሊትር ውሃ በ2 ደቂቃ ገደማ ያፈላ የነበረው ቦስተን ላይ 8 ደቂቃ የሚፈጅብሽ የእንግሊዝ መብራት 230 ቮልት፣ የአሜሪካው ግን 120 ስለሆነ ነው። አዳፕተሩ ሶኬቱ ውስጥ እንዲገባልሽ ያደርጋል እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ቮልቴጁ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ባለ 3000 ዋቱ ኬትል አሁን የሚሰጥሽ 800 ዋት አካባቢ ብቻ ነው።

"ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ልግዛ?" ላልሽው፣ አትግዢ። ከ120 ቮልት ሶኬት 3000 ዋት ለማውጣት 25 አምፒር ያስፈልጋል። የአሜሪካ የኩሽና ሶኬት መስመር በአብዛኛው 20 አምፒር ስለሆነ ብሬከሩ ወድቆ መብራቱ ይቋረጥብሻል። ትራንስፎርመሩ ራሱም ከባድና ውድ ነው።

ይልቅ እዚያው 1500 ዋት የሚል ኬትል ግዢ። 1 ሊትር በ4 ደቂቃ ገደማ ያፈላል። ለሁለት ኩባያ ሻይ ግማሽ ሊትር ብቻ ከሞላሽ ደግሞ ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል፤ ከዝቅተኛው የውሃ መስመር በታች ግን አታድርጊ።

የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀርሽ ላይ "100-240V" (ቮልት) የሚል ካለ በአዳፕተር ብቻ ያለ ችግር ይሠራል።

አንድ ነገር አደራ፦ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ስትሄጂ የአሜሪካውን ኬትል ወይም የፀጉር ማድረቂያ ይዘሽ እንዳትሄጂ። 120 ብቻ የሚለውን ዕቃ 230 ላይ ስትሰኪው ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ይገባበታል። የአሁኑ ኬትልሽ ቢዘገይ ነው፤ ያኛው ግን ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።