ቀን የሚገኘው ፋይል ሌሊት የት ይገባል?

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይህ ነው፦ «የሱቃችንን ሽያጭ የሚደምር የፓይተን ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ አለኝ። ራሴ ሳስነሳው ይሰራል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳው የሊኑክስ መሣሪያ) ሲያስነሳው ግን ባዶ ሪፖርት ይወጣል። ጓደኛዬ ትራይና ኤክሴፕት (ኤረር ሲመጣ የሚይዝ የፓይተን ትዕዛዝ) ከጨመረበት ወዲህ ኤረር እንኳ አይታይም።»

ወንድሜ፣ ስክሪፕቱ የሚያነበው የሂሳብ ፋይልህ አልጠፋም። ቀን ሰርቶ ሌሊት እምቢ የሚል ስክሪፕት ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የተነሳበትን ፎልደር ነው። ምንም ከመንካትህ በፊት ግን የሂሳብ ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርግ።

አሁን ያንን ኤክሴፕት ከነፓሱ («ዝም ብለህ እለፍ» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር) አውጣው። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም ያናድደኛል። ጓደኛህ በሽታውን ትቶ የበሽተኛውን አፍ ነው ያፈነው! የክሮኑን ውጤትና ኤረር ወደ አንድ ሎግ ፋይል (መዝገብ) ምራና ኤረሩ ላይ «Errno» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከት። 2 ከሆነ ፋይሉ እዚያ የለም፣ 13 ከሆነ ፈቃድ የለህም፣ 28 ከሆነ ዲስኩ ሞልቷል። ያንተ 2 ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሮጥ ፕሮግራም ሁሉ የቆመበት ፎልደር አለው፤ ይሄ ደግሞ ስክሪፕቱ ከተቀመጠበት ፎልደር ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ደውሎ «ከፋርማሲው ጎን ነኝ» ቢልህ ቦሌ ቆመህ አንዱን ፋርማሲ ታያለህ፣ መርካቶ ቆመህ ሌላውን። የፋይሉን ስም ብቻ ስትጽፍም «እኔ ከቆምኩበት ፈልግ» ማለትህ ነው። አንተ በሲዲ (cd፣ ፎልደር መቀየሪያው ትዕዛዝ) ፎልደሩ ውስጥ ገብተህ ስለምታስነሳው ይገጥምልሃል፤ ክሮን ግን ስክሪፕቱን ከሆም ፎልደርህ (የራስህ ዋና ፎልደር) ነው የሚያስነሳው፣ እዚያ ደግሞ ፋይሉ የለም። የፊደል ስህተት ቢሆን (አንዱ ጋ «ሂሳብ» ሌላው ጋ «ሒሳብ»፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ስም ነው) ቀንም አይሰራልህም ነበር።

መፍትሄው ሙሉ አድራሻ ነው። ከፓይተን 3.4 ጀምሮ ፓዝሊብ (የፋይል አድራሻ መስሪያው) አብሮ ይመጣል። ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ካለበት «ፋይል» (__file__) ከሚለው ቫሪያብል የስክሪፕቱን ፎልደር አውጣና የሂሳብ ፋይሉን ስም እሱ ላይ ቀጥል።

ሪፖርቱ ባዶ የሆነው ደግሞ በደብሊው ሞድ («w»፣ ለመጻፍ መክፈቻው) ቀድመህ ስለምትከፍተው ይመስለኛል። ደብሊው አንድ ፊደል ሳትጽፍ፣ ገና ሲከፈት የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ሪፖርቱን በጊዜያዊ ስም ጻፍ፣ ሲያልቅ አሮጌውን በኦኤስ ሪፕሌስ (os.replace) ተካው። የሂሳቡን ፋይልማ በደብሊው በፍጹም እንዳትከፍት፤ ኮፒውንስ አድርገሃል?

ሎጉ ላይ 5 ወይም 30 ካየህ ነገሩ ከኮድ ያልፋል፣ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። በተለይ ፋይሉ ያለው በርካሽ በተገዛ ፍላሽ ላይ ከሆነ። ላዩ ላይ 512 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 16 ጊጋ እንኳ የማይሞላ ስንቱን አይቻለሁ! ያን ጊዜ መጠገኛ ፕሮግራም ከማስነሳትህ በፊት አሁንም መጀመሪያ ኮፒ።

ስትጨርስ ሌሊቱን አትጠብቅ። በሲዲ ወደ ስሩ፣ ወደ ስላሽ (/) ውጣና ስክሪፕቱን ከዚያ በሙሉ አድራሻው አስነሳው። እዚያ ቆሞ ሂሳቡን ካገኘ ክሮንም ያገኘዋል።