የ15 ዓመት ቦርቦን ከ8 ዓመቱ ይበልጣል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። በርሜል ውስጥ 15 ዓመት የቆየ ቦርቦን (በአብዛኛው ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ) በስጦታ ደርሶህ፣ ቤትህ ካለው የ8 ዓመቱ ይበልጥ እንደሆነና እንዴት እንደሚቀመስ ጠይቀሃል። እዚህ ሜሪላንድ ባር ውስጥ ዓመታት ስለቀዳሁ የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ የዕድሜውን ቁጥር እርሳው። ስኮች፣ ማለት የስኮትላንድ ውስኪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መጠጥ የነበረበት አሮጌ በርሜል ውስጥ፣ ያውም ብርድ አገር ነው የሚተኛው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ቦርቦን ግን በሕግ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ነው የሚገባው። ቦርቦን በብዛት የሚሠራበት የአሜሪካው ኬንታኪ ግዛት ደግሞ በጋው አይጣል ነው። ሲሞቅ ውስኪው እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ቫኒላውም ካራሜሉም ከዚያ ይመጣል። ዕድሜው ሲበዛ ግን እንጨቱ በቆሎውን ይውጠዋል። ጌሾ የበዛበት ጠላ ታውቅ የለ? እንደዚያ።

እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ነው ተብሎ የቤት ኪራይ የሚያህል ብር ከፈልኩበት። ለወንድሜ ሰርግ ከፈትነው። ሁሉም አደነቀ። አጎቴ ብቻ ፉት አለና «ይሄ እኮ ሳንቃ ነው» አለኝ። ልክ ነበር።

አሁን ወዳንተ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ቅዳና 10 ደቂቃ ተወው። በረዶ አታስገባ፣ ሽታውን ያፍነዋል። ስታሸት አፍህን ከፈት አድርግ፤ ያለዚያ አልኮሉ አፍንጫህን ይመታውና ሌላ ምንም አይሸትህም። በመጀመሪያዋ ፉት አትፍረድ፣ አፍ ማላመጃ ናት። ሁለተኛዋን ምላስህ ላይ አንከባልለህ ዋጣትና ጠብቅ። ፍርዱ ከዋጥክ በኋላ ነው። ጣፋጩ ቆይቶ ቀስ እያለ ከሄደ፣ መሃል ላይም በቆሎው ብቅ ካለ፣ ሰዎቹ በርሜሉን በሰዓቱ ነው የከፈቱት። ድድህን ጭምድድ አድርጎ ካደረቀው፣ ቅጠሉ ሳይወጣ የቆየ ሻይ ከመሰለህ ግን እንጨቱ አሸንፏል። አልኮሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምርና ድገመው።

ሁለቱን ጠርሙሶች ሰው ደብቆ ይቅዳልህ። ዋጋውንና ዕድሜውን እያየህ መፍረድ አትችልም፤ እኔም አልችልም።

ብርጭቆዎቹን ሳታጥብ አሳድራቸውና ጠዋት አሽት። የጥሩው ብርጭቆ ቫኒላና ማር ማር ይላል። የዚያ የሰርጉ ግን አናጺ ቤት ነበር የሸተተው።