የሰው ታሪክ ለሰው እንክብካቤ፦ ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ አገር ሌስተር አካባቢ በኬር ሆም (በአረጋውያን መጦሪያ ቤት) 14 ዓመት ሠርቻለሁ። በሌሊት ሺፍት ነው የጀመርኩት፤ አሁን አዳዲስ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። የአንድን አረጋዊ የሕይወት ታሪክ ለዕለት እንክብካቤው እንዴት እንደምንጠቀምበት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ። የነዋሪዎቹን ነገር ሳነሣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ የሕይወት ታሪክ ስትዪ እንደ አልበም ነው ወይስ ሌላ ነገር?

አልበምም ሊሆን ይችላል። እኔ የምፈልገው ግን ታሪኩ ነገ ጠዋት በምንሠራው ሥራ ላይ አንድ ነገር እንዲቀይር ነው።

አንዲት እናት ነበሩን። ቀኑን ሙሉ የጠረጴዛ ልብሱን ጠርዝ ይዘው ይጎትታሉ፣ ክሩን ይመዛሉ። መዝገባቸው ላይ “ይረበሻሉ” ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ልጃቸው መጥታ ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካልሲ ፋብሪካ እንደሠሩ ነገረችን። ሌስተር በካልሲና በሹራብ የታወቀች ከተማ ነበረች። በማግስቱ አንድ ቅርጫት ካልሲ አቀረብንላቸው። አንዱን አነሡ፣ ገለበጡት። እጃቸውን ከተቱና ጣቶቹ ጋ ያለውን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በግራ አስቀመጡት። ሌላውን ዳሰሱ፣ በቀኝ አስቀመጡት። በኋላ ሄጄ ሳየው በቀኝ ያሉት በሙሉ ስፌታቸው የላላ ነው። ለካ ሴትዮዋ ሥራ ላይ ነበሩ! ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ቅርጫቱ ይቀርባል። የጠረጴዛ ልብሱም ተረፈ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ እናቴ 81 ዓመቷ ነው፣ የመርሳት በሽታ አለባት። ኦርቶዶክስ ናት። እኔ ሥራ ስሄድ እንግሊዝኛ ብቻ የምትችል ሴት ትይዝልኛለች። ምን ጽፌ ልስጣት?

አንድ ገጽ ጻፊላት። ከዚያ ከበለጠ አይነበብም።

ከስሟ ጀምሪ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፈረንጆቹ “ሚስስ” ብለው የሚጠሩት የአያትሽን ስም ነው። አንዲት የኛ አገር እናት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በአባታቸው ስም ቢጠሩ፣ ቢጠሩ ዝም አሉ። “ጆሯቸው አይሰማም” ተባለ። ሄጄ ቀስ ብዬ “እማማ” ስላቸው ቀና አሉ። ስለዚህ ምን ተብላ እንደምትጠራ፣ እንዴት እንደሚነበብም ጭምር በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው።

ቀጥሎ ጾም። ረቡዕና ዓርብ ወተት ስትሰጣት ፊቷን ታዞራለች፤ ሴትየዋ “ምግብ እምቢ አለች” ብላ ትመዘግባለች። በዚህ የተነሣ ሰው ያለ አግባብ ሐኪም ዘንድ ሲመላለስ አይቻለሁ። የጾም ቀኖቹን ካላንደር ላይ ቀለም ቀቢላት። በላም ወተት ፋንታ የአጃ ወተት፣ በቅቤ ፋንታ ዘይት ብለሽ ጻፊ። ሐኪሙ ጾሙ ይጎዳታል ካለ ደግሞ የንስሐ አባቷ ራሳቸው መጥተው ይንገሯት። ከአንቺ አፍ አትቀበልም፤ ከሳቸው ግን ትቀበል ይሆናል።

ቋንቋም አለ። በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል። ፍሪጁ ላይ አሥር ቃል ለጥፊ፦ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ያመኛል፣ በረደኝ፣ በቃኝ የመሳሰሉትን። “ልቤን” ስትል ልቧን ይሁን ጨጓራዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እሱንም ጻፊው፣ ቀልድ አይደለም።

ቡናም አትርሺ። ስንት ሰዓት እንደምትጠጣ ብቻ ሳይሆን ብቻዋን እንደማትጠጣ። “አጠገቧ ተቀመጪ፣ አንቺም ስኒ ያዢ” ብለሽ ጻፊ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እኛ ጋ የእያንዳንዱ ነዋሪ ታሪክ በፎልደር ተደርጎ መደርደሪያ ላይ አለ። ማንም አያነበውም። ምን ይሻላል?

ሠራተኛው አይፈረድበትም፤ ለስምንት ሰው አንድ ሆኖ ፎልደር የሚያነብበት ጊዜ ከየት ያመጣል? እኔ ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው አንድ ዘዴ ነው። ከእያንዳንዱ የታሪክ ዓረፍተ ነገር በኋላ “ስለዚህ” የሚል ቃል ጨምሩ። “ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ” ብቻውን ምንም አይሠራም። “ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲነሡ በግድ አታስተኟቸው፣ ሻይ ስጧቸውና አብራችኋቸው ተቀመጡ” ግን የሌሊት ሠራተኛው ወዲያው የሚሠራበት ነገር ነው። “ስለዚህ” የማይከተለው ከሆነ አልበሙ ውስጥ ይቀመጥ። የሚከተለው ኬር ፕላኑ (የነዋሪው የእንክብካቤ ዕቅድ) ውስጥ ይግባ፤ አንድ ገጹ ደግሞ የቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ። ጎብኚ አያየውም፣ ልብስ የሚያወጣው ሠራተኛ ግን ያየዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ታስሮ ነበር። ስለዚያ አውርቶ አያውቅም። አሁን ዕድሜው ገፍቷል። ልጠይቀው?

ወንድሜ፣ ካላነሣው አትቆስቁሰው። ታሪኩ የሱ ነው፤ አለመናገርም መብቱ ነው። ከሞት በፊት ሁሉን ማወቅ አለብኝ የሚል ስሜት ልጆችን ሲይዝ አያለሁ። ይገባኛል። ግን ያ የአንተ ፍላጎት ነው፤ ለሱ እንክብካቤ የግድ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው አሰሳ ሌሊት በሩ የተንኳኳበት ሰው፣ ዛሬ ኬር ሆም ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ ባትሪ ይዞ ሳይናገር ሲገባበት ምን እንደሚሰማው አስበው። ይጮሃል፣ ይማታል። “ጠበኛ” ተብሎ ይጻፍበታል። ምክንያቱን ሳትዘረዝር ይህን ብቻ ንገራቸው፦ በሌሊት ከመግባታችሁ በፊት በስሙ ጥሩት፣ ባትሪ ፊቱ ላይ አታብሩ፣ በሩን አትቆልፉ። ራሱ ማውራት ከጀመረ ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማ፤ ቀኑን ቢሳሳት ለማረም አትቸኩል።

ጥያቄ፦ የሕይወት ታሪክን እንዲህ መጠቀም በእውነት ይሠራል ወይስ የዘመኑ ፋሽን ነው?

በሽታውን አያቆምም። ያቆማል የሚላችሁን አትመኑ። ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ በመርሳት በሽታ ላይ 22 ጥናቶችን አይቶ፣ ትዝታን ማስታወስ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ጊዜ ትንሽ እንደሆነና እንደየአሠራሩ እንደሚለያይ ነው የጻፈው።

ሐሳቡ ግን ፋሽን አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ነው አረጋውያን ወደ ኋላ ማውራታቸው የጤና እንጂ የመጃጀት ምልክት አይደለም ያሉት። በኋላ በእንግሊዝ የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ቶም ኪትውድ አንድ ከባድ ነገር አስተማሩን፤ የታመመውን ሰው የሚጎዳው በሽታው ብቻ ሳይሆን እኛ የምንይዝበት መንገድም ጭምር ነው አሉ። እኔ በዚህ አምናለሁ፤ በየሺፍቱ አየዋለሁና።

ጥያቄ (ከእስራኤል)፦ አያቴ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጣች ናት። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ዕብራይስጥ ነው። ዕድሜዋም ልክ አይመስለኝም።

ወረቀቱ ለቢሮ ይሁን። በሁለቱም ስም ጥሯትና በየትኛው ዘወር እንደምትል እይ፤ እሱን ጻፍ። ዕድሜዋን በዓመት አትጠይቃት። ጣሊያን ሲወጣ ተወልዳ ነበር? ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበራት? እንዲህ ይሻላል። ሸክላ ትሠራ ከነበረ ጭቃ ስጣትና እጇን ተመልከት። ሲግድ (የቤተ እስራኤል በዓል) ሲደርስ ደግሞ ልብሷን ቀደም ብላችሁ አዘጋጁላት።

ጥያቄ፦ እናቴ መናገር እያቃታት ነው። እንዴት ልጠይቃት?

“ታስታውሻለሽ?” አትበያት። ፈተና ነው፤ ትወድቃለች፣ መውደቋንም ታውቃለች። ጥያቄውን ትተሽ ዕቃ አምጪ። ጀበና፣ እንዝርትና ጥጥ፣ ሽታው የሚያውድ በርበሬ። ብዙ ሰው አጥርቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው የሆነውን ነው፤ ስለዚህ ከልጅ ልጆቿ ይልቅ በልጅነቷና በሠርጓ ዘመን ጀምሪ። የሞተች እናቷን “የት ሄደች?” ብላ ከጠየቀችሽ ሞቷን እንደ አዲስ አታርጂያት። “እማማ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” በያትና ታውራልሽ።

ጥያቄ፦ ሕጉ ምን ይላል?

እኔ የማውቀው የእንግሊዝን ነው። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ኬር አክት (የእንክብካቤ ሕግ) ሰው ምን እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው ሲገመገም የሰውየው ሐሳብና ምኞት እንዲታይ ያዛል። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የአእምሮ ብቃት ሕግ ደግሞ፣ መወሰን ላቃተው ሰው ስንወስንለት ቀድሞ የነበረውን ምኞት፣ ስሜትና እምነት እንድናገናዝብ ያስገድዳል። ስለዚህ “ዕድሜዋን ሙሉ ጾማለች” የሚለው ጽሑፍሽ ስለ እንክብካቤዋ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ክብደት አለው። ይዘሽው ግቢ።

ጥያቄ፦ ታሪኩን ማን ያየዋል? ሰውየው ሲያርፍስ?

የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ አቅም እስካለው ድረስ። “ይህን ለነርሷ ብቻ፣ ይህን ለልጄም ቢሆን አይሁን” የሚል ሰው አለ። እንዳለው ይደረግ። ዋናው ቅጂ ሲያርፍ ለማን እንደሚሰጥ ገና ሲጀመር አስጽፉት። ከለቅሶ በኋላ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ፎልደር ሲጣሉ አይቻለሁ፤ አባታቸውን በጊዜው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።