መልስ፦ የአባትን የጦር ሜዳ ታሪክ በስልክ ስለመቅዳት

አባትህ በ1970 በጅጅጋ ግንባር ሚሊሺያ ነበሩ፤ «እንዴት ነበር?» ስትላቸው ግን «ተዋጋን፣ አሸነፍን» ብለው ዘጉህ። ጥያቄህ ሰፍቶባቸው ነው። «ኮቾሮውን በምን ነበር የምታርሱት?» በላቸው፤ ኮቾሮ ያ ደረቅ የወታደር ብስኩት ነው። ከኮቾሮው ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ምሽጉ ራሳቸው ይወስዱሃል። ስንት ሰው ገደሉ የሚለውን እርግፍ አድርገህ ተወው።

ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርገው፤ ጥሪ ከገባ ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ በባዶው አታስቀምጠው፤ ስኒ በተነሳ ቁጥር ኳኳታው ይገባል። የታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል ይራቅ። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ በዝናብ አትሞክረው። በአንድ ቁጭታ 45 ደቂቃ ይበቃል። በዋቭ (WAV፣ ድምፁን ሳያምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ከቀዳህ አንድ ሰዓት በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር፣ 320 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ቦታ አስለቅቅ። በቴሌግራም ስትልከው በፋይልነት ይሁን፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሻለቃ» ላይ ነው። ማዕረግም ነው፣ የጦር ክፍልም ነው። «ሻለቃው አለቀ» ካሉ አዛዡ ይሁን ክፍሉ እዚያው ጠይቅ፤ «ሻምበል»ም እንደዚሁ።

ቀን ቢያምታቱ መሃል ላይ አታርማቸው። «ከገና በፊት ነው በኋላ?» ብትል ይሻላል። ለማመሳከሪያ፦ በሶማሊያ ጦር ላይ የተገኘው የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ የውጭ መጻሕፍት ማርች 5 ቀን 1978 የሚሉትም ያንኑ ቀን ነው። ዝም ካሉ አንተም ዝም በል። «አጥፋው» ካሉህ ደግሞ ወዲያው አጥፋው።