የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ነፃ ገበያ የሚያስተምር የክረምት ትምህርት

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። በሐምሌ ወር ለአሥር ቀናት በሚሰጥ የክረምት ትምህርት ላይ እንድሳተፍ ተመርጫለሁ። ትምህርቱ ስለ ኢኮኖሚክስና የግለሰብ ነፃነትን፣ የግል ንብረትንና ነፃ ገበያን ስለሚያስቀድመው ስለ ክላሲካል ሊበራሊዝም ሐሳቦች ነው። ጓደኞቼ «የኒዮሊበራል ስብከት ልትሰማ ነው» እያሉ ያሾፉብኛል። በዚያ ላይ በየክረምቱ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ልጆችን ቤታቸው እየሄድኩ ስለማስጠና ያ ገቢ ይቀርብኛል። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት በክፍል ከምንማረው በምን ይለያል? ልሂድ ወይስ ልተወው?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ከማስጠናት የሚቀርብህ ገንዘብ ከኪስህ ባይወጣም የክረምት ትምህርቱ እውነተኛ ዋጋ አካል ነው። የሙያው ሰዎች ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚሉት ይህንኑ ስለሆነ፣ የትምህርቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሳትሄድ ጀምረኸዋል ማለት ይቻላል። የልጆቹን ወላጆች አነጋግረህ ጥናቱን ወደ ነሐሴ ማሸጋገር ከቻልክ ሒሳቡ በጣም ይቀላል። ባትችልም እንኳ የእኔ ምክር ሂድ የሚል ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ላስረዳ።

አስቀድሜ ስለ ጓደኞችህ ቀልድ። «ኒዮሊበራል»፣ ማለትም መንግሥት ከገበያው እጁን ያንሳ ባይ፣ የሚለው ቃል በኢሕአዴግ ዘመን ከመተንተኛነት ይልቅ ለመንቀፊያነት ሲያገለግል ስለኖረ፣ ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሳናጣራ ስድብነቱን ለመድን። ክላሲካል ሊበራሊዝም ግን ከዚያ ቃል እጅግ የቀደመ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ የመንግሥት ሥልጣን ከተገዢዎች ፈቃድ እንደሚመነጭና ሰው በጉልበቱ ባፈራው ንብረት ላይ መብት እንዳለው ጻፈ። ስኮትላንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ከመንግሥት በተሰጣቸው ልዩ መብት ብቻቸውን የሚነግዱ ኩባንያዎችንና ዋጋ ለማስወደድ የሚመካከሩ ነጋዴዎችን አጥብቆ ተቸ። ይህን የሚያነብ ሰው የነፃ ገበያ ሐሳብ አባት ለባለ ሀብት ጠበቃ ቆሞ ነበር ብሎ ለመናገር ይቸገራል።

በክፍል የምትማረው በአብዛኛው የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር መሳልና ስሌት መሥራት ነው። እንዲህ ባለው የክረምት ትምህርት ግን አስቀድሞ የሚታደል ጽሑፍ ይነበባል፣ ጠዋት ገለጻ ይሰጣል፣ ከሰዓት በኋላ በአነስተኛ ቡድን ክርክር ይካሄዳል፤ ጥያቄውም «መስመሮቹ የት ይገናኛሉ?» ከሚለው ይልቅ «ዋጋ ለምን ያስፈልጋል?» ወደሚለው ያደላል። ስለ ሥራ ክፍፍል ሲነሳ የስሚዝ የስፒል ፋብሪካ መጠቀሱ አይቀርም፤ አሥር ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል ሲሠሩ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሠራ ግን ሃያ እንኳ ላይሞላ ይችል ነበር። አንተ ግን ከግቢህ ወጥተህ ወደ ሽሮ ሜዳ ብትወጣ ይህንኑ በዓይንህ ታየዋለህ፤ ፈታይዋ፣ ሸማኔው፣ ጥለቱን የሚያወጣው፣ ሰፊውና ሻጯ በአንድ ቀሚስ ላይ ተባብረው ሲሠሩ ብዙዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

እነዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች ሥራቸው እንዴት ይገጣጠማል የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ ግምት፣ የዚህ አስተሳሰብ ጠንካራ ጎን ያለበት ቦታ ነው። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ፍሬድሪክ ሃየክ በ1945 እ.ኤ.አ. በጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ ምሳሌው ቆርቆሮ ነበር፤ እኛ ሽንኩርት እንበለው። መቂ አካባቢ ምርቱ ቢቀንስ አራት ኪሎ ወጥ የምትሠራው እናት ምክንያቱን ማወቅ አያስፈልጋትም፤ ዋጋው ሲጨምር ሦስት ራስ የምትከትፈውን ወደ ሁለት ታወርደዋለች፤ ነጋዴውም ከሌላ አካባቢ ጭኖ ይመጣል። በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ የተበታተነውን ዕውቀት ዋጋው ብቻውን አደረሰው ማለት ነው። ይህ መልእክተኛ ሲታፈን የሚሆነውን የእኔ ትውልድ ያውቀዋል። በደርግ ዘመን ገበሬው በኮታ የተመደበበትን እህል ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ የግል ነጋዴውም በየኬላው ይያዝ ነበር፤ ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። በቀበሌው ኅብረት ሱቅ የስኳር ካርድ ይዤ ያሳለፍኩት ሰልፍ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በላይ አስተምሮኛል። ቅርቡን ካነሳን ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቁር ገበያ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይመነዘር ነበር፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ተመን ሌላውን ዋጋ ሊያጠፋው አልቻለም።

ይሁን እንጂ ልትሰማው የምትሄደው የአንድ የአስተሳሰብ መስመር ትምህርት ነው፤ የኢኮኖሚክስ ሁሉ ማጠቃለያ አድርገህ ከወሰድከው ጓደኞችህ በከፊል ልክ ይሆናሉ። ከመሄድህ በፊት መለስ ዜናዊ የነፃ ገበያን ወሰንና የልማታዊ መንግሥትን አስፈላጊነት የተከራከሩበትን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ ፈልገህ አንብብ፤ ብትስማማም ባትስማማም ተቃራኒውን ክርክር ከጥሩ ተከራካሪው አፍ ትሰማለህ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘ መጽሐፋቸው የታተመው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝንም አትዝለላቸው። እኚህ ሰው በአገር ውስጥ በየኬላው የሚከፈለውን ቀረጥ ነቅፈው ሲያበቁ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ እንደሚጎዳ ይሞግታሉ። የመጀመሪያውን ሐሳባቸውን ስሚዝ በደስታ የሚቀበለው ይመስለኛል፤ ሁለተኛው ግን ያከራክረዋል፤ እኔም እስከ ዛሬ በዚህ ላይ እርግጠኛ አቋም የለኝም።

አስተማሪዎቹን ለመፈተን የሚያስችል ጥያቄ መያዝ ከፈለግህ የቤት ኪራይን ያዝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪውም በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰን ልክ እንዲሆን ደንግጓል። የክላሲካል ሊበራሊዝም አስተማሪ ዋጋ ሲገደብ የሚከራይ ቤት እንደሚቀንስ በቀላሉ ያስረዳሃል። አንተ ግን በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰባት፣ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት በማይሸጥባትና በማይለወጥባት አገር፣ የቤት አቅርቦት በኪራይ ዋጋ ብቻ ሊጨምር ይችላል ወይ ብለህ ጠይቀው። ጥሩ አስተማሪ ከሆነ በዚያች ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ዓምድዎን ዘወትር እከታተላለሁ። ሊበራሊዝም «ሰው ሁሉ ለራሱ» የሚል ትምህርት ከሆነ ዕድርና ዕቁብ ባለበት ኅብረተሰብ ውስጥ ምን ቦታ አለው?

መልስ፦ ስሚዝ ስለ ገበያ ከመጻፉ 17 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1759 እ.ኤ.አ.፣ ሰው ለሌላው ስለሚያዝንበት ባሕርይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንደጻፈ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክላሲካል ሊበራሎች የሚቃወሙት ሰዎች በግዳጅ እንዲተባበሩ ማድረግን ነው። የእርስዎ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን እንዳይወስድ አድርጎ፣ ያለ ባንክና ያለ አዋጅ ካፒታል ያሰባስባል፤ ለእነርሱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ዕድሩ ትንሽ ያነታርካል። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል መቀጮ ይከፍላል፤ ልውጣ ቢል ማንም በሕግ አይከለክለውም፣ ነገር ግን የሠፈሩን ዓይን እንዴት ይችለዋል? ፈቃደኝነት የት አብቅቶ ግዳጅ የት እንደሚጀምር የሚያከራክር ጉዳይ ስለሆነ፣ የክረምት ትምህርቱ ተማሪዎች ቢወያዩበት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጄ እንዲህ ባለ የክረምት ትምህርት ልትሳተፍ ነው። ምግብና ማደሪያው ሁሉ በነፃ መሆኑ አስጠረጠረኝ። ገንዘቡን ማን ይከፍለዋል?
(አንድ አባት፣ ከቀበና)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ነፃ መሆኑ ብቻውን ግን የክፋት ምልክት አይደለም። እንዲህ ያሉ ትምህርቶችን ብዙ ጊዜ የሚደግፉት ሐሳቡ በወጣቶች ዘንድ እንዲስፋፋ የሚፈልጉ ለጋሾች ናቸው፤ በአሜሪካ ለምሳሌ በ1946 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢኮኖሚ ትምህርት ፋውንዴሽን ለተማሪዎች ሴሚናር የሚያዘጋጀው በዋናነት በልገሳ ነው። የለጋሹ ማንነት በግልጽ ከተነገራት ልጅዎ የምትሰማውን ከማን እንደምትሰማ ታውቃለች። ለመመዝገቢያ በቴሌግራም ገንዘብ ላኪ ከተባለች ግን ጉዳዩን እዚያው ያቁሙት። አዘጋጆቹን ስልክ ደውለው የተጋባዥ መምህራኑን ስም ዝርዝርና የማደሪያውን አድራሻ ይጠይቁ፤ ማደሪያው ከመማሪያው የተለየ ከሆነ ደግሞ፣ በሐምሌ ዝናብ የምሽቱ ውይይት ካለቀ በኋላ ተማሪዎቹን የሚመልስ መኪና መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።